ቢላችሁን ስላችሁ ኑ

መጀመሪያ የሰደበኝ ኦኮ ያንሰን ነው። ጊዜውንም አልረሳሁትም፤ በ1916፣ በነሐሴ፣ አጃውን በወቃንለት ቀን፣ በራሱ የምሳ ጠረጴዛ ላይ። የመውቂያውን ማሽን ተከትለን ከእርሻ ወደ እርሻ የምንዞር ወንዶች ሁሉ ተቀምጠናል። የድንቹን ሳህን እንዲያቀብሉኝ እጄን ስዘረጋ ኦኮ ሹካውን አስቀመጠና እንዲህ አለ፦

«ለሃርም ቀነስ አድርጉለት። ሌሎቻችሁ በክንዳችሁ ነው የምትሠሩት፣ እሱ በአፉ ነው። አፉን በምግብ አናድክምበት።»

ሰዉ ሳቀ። የሳቁትን እስከ ዛሬ በየስማቸው ልጠራቸው እችላለሁ። ግማሾቹ ሞተዋል፤ ቢሞቱም አልተውኩላቸውም።

አንድ ሰው ብቻ አልሳቀም። የኦኮ ልጅ ሬንስኬ ሳህኑን ከአባቷ ፊት አነሳችና ጠረጴዛውን ዞራ መጥታ እኔ ፊት አስቀመጠችው። አባቷን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ወደ ምድጃዋ ተመለሰች። ያን ቀን ምን እንደበላሁ አላስታውስም።

ኦኮ አፌ ላይ የመጣበት ምክንያት ነበረው። በዚያ ዘመን በአዮዋ የእኛ ሰዎች፣ ከሰሜን ጀርመን ባሕር ዳርቻ የመጡት ማለቴ ነው፣ ሰርግ የሚጠሩት በሰው ነበር። ሰርግ ጠሪው በፈረስ ሆኖ ከቤት ቤት ይዞራል፤ በር ላይ ቆሞ ግጥሙን ይላል፤ ግጥሙ ሲያልቅ የቤቱ ሴት ኮፍያው ላይ ሪባን ትሰካለታለች። ሪባን ከተሰካ ያ ቤት ይመጣል ማለት ነው። ሁሉን ዞሮ ሲጨርስ የሰውየው ኮፍያ የአውራ ዶሮ ጅራት ይመስላል። በእኛ አካባቢ ጠሪው እኔ ነበርኩ። መሬት የለኝም፣ አባት የለኝም፣ የዊያርድ ሳቶፍ ቅጥር ሠራተኛ ነኝ። ትምህርቴም ቢሆን ስሜን ከመጻፍ ብዙ አያልፍም። ድምፅ ግን ነበረኝ።

በዚያው መከር ለአንድ ሰርግ ስዞር ኦኮ ቤት ደረስኩ። ሬንስኬ እጇ በዱቄት እንደተለወሰ ወጣች። ኮፍያዬን አስተካክዬ ጀመርኩ፦

«ሙሽራው ልኮኝ ነው የመጣሁት፣
በራችሁን ያንኳኳሁት።
በሬው ታርዶላችኋል፣ ዝይው ተነጭቶላችኋል፣
በርሜሉም ተከፍቶ ይጠብቃችኋል።
ቢላችሁን ስላችሁ፣ ሹካችሁን ይዛችሁ፣
ኑ ሁላችሁ ተሰብስባችሁ።
ከቤት የሚቀር አይኑር፣ ከውሻው በቀር፤
እሱም ካለቀሰ ይምጣ፣ አብሮ ይደር።»

ቢላና ሹካ ይዛችሁ ኑ የሚባለው ለዚያ ሁሉ እንግዳ የሚበቃ ዕቃ በማንም ቤት ስለሌለ ነው። ሁሉም የራሱን በኪሱ ከትቶ ይመጣል፣ በልቶ ጠርጎ በኪሱ ይመልሳል። ከዚህ የበለጠ ምስጢር አልነበረውም።

ኦኮ ከውስጥ «ሪባኑን ስጪውና ይሂድ» አለ።

«እየሰጠሁት ነው አባዬ፤» አለች ከቆመችበት ሳትነቃነቅ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እስቲ የውሻውን ድገመው።»

«እሱም ካለቀሰ ይምጣ፣ አብሮ ይደር።»

«የኛ ውሻ ሳይጠራም ያለቅሳል። ሳይጠራም ይመጣል።»

«እንግዲያው ከባለቤቱ ይሻላል።»

«አባዬ እየሰማህ ነው፣ ዝም በል፤» አለችኝ፣ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን እየያዘች። ከዚያ ፀጉሯን ያሰረችበትን ሰማያዊ ሪባን ፈታች። ለሰርግ ጠሪ የሚሰጠው ሪባን ከሱቅ የተገዛ ነው እንጂ ከፀጉር የተፈታ አይደለም። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

«ጎንበስ በል፤ ረዘምክብኝ።»

«ዱቄት ትቀቢኛለሽ።»

«ለሰርግ የሚዞር ሰው ትንሽ ነጣ ቢል ምን አለበት?»

ሰካችልኝ። እጇ ከኮፍያው ላይ ለመነሳት ትንሽ ዘገየ። የዘገየው ያችን ታህል ብቻ ነው፤ እኔ ግን እስከ ማታ ስድስት ቤት ስዞር ግጥሙን ሁለት ቦታ ላይ ተሳሳትኩ።

በክረምቱ ለጋብቻ ልጠይቃት ሄድኩ። ኦኮ ወንበር አልሰጠኝም።

«ልጄን የት ልታስቀምጣት ነው? ኮፍያህ ውስጥ?»

ይህ ሁለተኛው ስድብ ነው። ከበሩ ስወጣ ግን ከኋላዬ «ቤት ያዝና ና» አለኝ፤ እንቢ ማለቱ እንዳልሆነ ገባኝ። ጌታዬ ዊያርድ በእርሻው ዳር ባዶውን የቆመ የድሮ ቤት ነበረው። ጠየቅኩት። ጺሙን እያሸ፣ «ልጄን የምድርበት ጊዜ ሰርጉን እንደሚገባ ጥራልኝ፤ ቤቱን የዚያን ዕለት አስረክብሃለሁ» አለኝ። ልጁ ገና እጮኛ አልነበራትም። እኔ ግን ለመጠበቅ አልሰነፍኩም።

ሬንስኬ በሚቀጥለው ዓመት ከተማ ገባች። የጣውላ መሸጫው ባለቤት ሚስተር ክራንዳል ቤት ተቀጠረች፤ ምግብ ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ልጆቻቸውን ታስተኛለች። ቅዳሜ ቅዳሜ የዊያርድን ክሬም ለማስረከብ ከተማ ስገባ በጓሮ በር ብቅ እላለሁ። ጋሪውን ቆሜ እጠብቃለሁ በሚል ሰበብ የማወራት እዚያ ነው። ልብስ እያሰጣች፣ በአንሶላ ማዶ ሆና ነው የምታናግረኝ። ነፋስ አንሶላውን ሲያነሳው ፊቷን አያለሁ፣ ሲጥለው ድምፅዋን ብቻ። ከዚያ የተሻለ ደስታ አላውቅም ብል የሚስቅብኝ ይስቅ።

አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ከገባች በኋላ ከተማው ቀስ በቀስ ፊቱን አዞረብን። መጀመሪያ ሰላምታ ቀረ። ከዚያ የጀርመንኛ ትምህርት ቤታችን ተዘጋ። ከዚያ የቤተ ክርስቲያናችን በር አንድ ጠዋት ቢጫ ተቀብቶ ተገኘ፤ ቢጫ ማለት ከሃዲ ማለት ነው። ከተማው የመከላከያ ጉባኤ የሚባል አቋቋመ፣ ሊቀ መንበሩም ክራንዳል ሆነ። በ1918 በግንቦት መጨረሻ ደግሞ የግዛቱ ገዢ አዋጅ አወጣ፦ በመንገድ፣ በባቡር፣ በስልክ፣ በቤተ ክርስቲያን ከእንግሊዝኛ በቀር እንዳይነገር። እንግሊዝኛ የማያውቁ አሮጊቶች ሱቅ ሲገቡ እንደ ዲዳ በጣት ይጠቁሙ ጀመር። የዊያርድ ጎረቤት ላሟን በእንግሊዝኛ ለመጥራት ሞከረና ላሟ ቆማ አየችው። የሳቅነው ያኔ ነው መጨረሻ።

ክራንዳል ወተት መረከቢያው ደጅ ላይ፣ ቅዳሜ፣ ሰው ሞልቶ ሳለ ያዘኝ። የአንድ እጄን ጣቶች ከአንዷ በቀር የበቆሎ መሸልቀቂያ ማሽን በልጅነቴ ስለወሰዳቸው ለጦር አልተመለመልኩም። ያንን ያውቃል።

«ሃርም፣ ጣቶችህን ለካይዘር አበድረህ ነው እንዴ እዚህ የቀረኸው?» አለኝ።

ሦስተኛው። መልስ ነበረኝ፤ በጀርመንኛ ነበር የመጣልኝ። ዋጥኩት።

በሰኔ የዊያርድ ልጅ ታጨች። ዊያርድ ጠራኝና፣ «እንግዲህ ፈረሱን አዘጋጅ። ቤቱን አስጠርጌዋለሁ» አለኝ። በዚያው ቅዳሜ ለሬንስኬ ልነግራት በጓሮ በር ሄድኩ። ክንዷን በጨርቅ ጠቅልላ አገኘኋት።

«ምን ሆነሽ?»

«የልብስ መጭመቂያው ነው። እጄን ከአንሶላው ጋር ሳበኝ።» ጨርቁን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። ከክርኗ በታች ዙሪያውን ጠቁሯል። «ምንም አይደለም። ንገረኝ፣ ፊትህ ወሬ ይዟል።»

ነገርኳት። ቤት የሚለውን ቃል ስትሰማ የሚበራው ፊቷ አልበራም።

«አትሂድ ሃርም።»

«ምን ማለትሽ ነው? ቤቱ እኮ ነው።»

«በፖስታ ይጥሩ። በቄሱ ያስነግሩ። አንተ እዚህ ቤት እራት ላይ የሚወራውን አትሰማም። ትናንት ስለ ርግብ ነበር። የጎረቤታችን የሄርማን ርግቦች መልእክት ይዘው በርሊን ይሄዳሉ አሉ።»

«የሄርማን ርግብ? ከጎተራው ጣሪያ እስከ ገንዳው እንኳ በእግሯ ነው የምትሄደው፣ ወፍራ።»

«አትሳቅ። እነሱ አልሳቁም። ሾርባ እየቀዳሁ ነበር፣ አንድ ሰው እንኳ አልሳቀም።»

«ግጥሙን በየቤቱ በር ውስጥ ነው የምለው፣ መንገድ ላይ አይደለም። አዋጁ ቤት ውስጥ አይልም።»

«ኮፍያህስ? ኮፍያህ መንገድ ላይ አይደለም?»

«ሪባን ቋንቋ የለውም ሬንስኬ።»

አንሶላው በመካከላችን ተነሳ፣ ወደቀ። ከማዶ ሆና፣ «በመከር እንገባበታለን?» አለች።

«በመከር እንገባበታለን።»

«እንግዲያው ቶሎ ጨርሰው፤» አለችኝ።

ሰርጉን ልጠራ በወጣሁበት ቀን ብዙውን ቤት ጨርሼ ነበር። ከቀትር በኋላ፣ በሁለት የበቆሎ ማሳ መካከል፣ አንድ አውቶሞቢል ከፊቴ ዞሮ ቆመና ሦስት ሰዎች ወረዱ። ሦስቱንም አውቃቸዋለሁ፤ ለአንዱ መኪናውን ከረግረግ በበቅሎ አውጥቼለት ነበር። ስሜን እንደማያውቅ ሆኖ «ማነህ?» አለኝ። ኮፍያዬን ሁለት እጁ ላይ እንደ እንቁላል ቅርጫት ተሸክሞ ወሰደው።

ከእሳት ማጥፊያው ቤት በላይ ያለው አዳራሽ ውስጥ ጉባኤው ተቀምጧል። መስኮቱ ተከፍቷል፣ ከታች ሰው ተሰብስቧል። ክራንዳል ኮፍያዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሪባኖቹን በእርሳስ ጫፍ ያገላብጣል።

«ይህ ቀይ የማን ነው?»

«ዮሃን ቤት የተሰጠኝ ነው።»

«ለምን ቀይ?»

«ቀይ ስለነበራቸው።»

«አረንጓዴውስ?»

«ሚስተር ክራንዳል፣ ሴቶቹ ያላቸውን ነው የሚሰጡት።»

«የጀርመን ቤት ብቻ እየመረጥክ ነው የዞርከው።»

«ሰርግ ነው። ዘመድና ጎረቤት ነው የሚጠራው።»

«የእኔ እርሻ በመንገድህ ላይ ነው፤» አለ ክራንዳል። «እኔን አልጠራኸኝም።»

ይህን ሲል ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር አሁንም ይገርመኛል። ቅር ብሎታል። የእውነት ቅር ብሎታል፤ ሊሰቅለኝ የተቀመጠው ሰው ሰርግ ባለመጠራቱ።

«በየቤቱ የምትለውን በለው እንስማው፤» አለ።

«በአዋጅ የተከለከለ ነው።»

«እዚህ እኔ ፈቅጃለሁ።»

ብለው ሕግ ጥሻለሁ፣ ባልለው ደብቄያለሁ። አልኩት። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

«ማነው የሚተረጉምልን?» አለ አንዱ። «ከነሱ ቄስ አይሆንም።»

«እኔ ቤት ያለችው ልጅ ትተርጉም፤» አለ ክራንዳል። «ታማኝ ናት። ልጆቼን ትጠብቃለች።»

እስክትመጣ ከአዳራሹ ውጭ አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ። መጣችና እሷንም እዚያው አግዳሚ ላይ አስቀመጧት፣ ሽርጧን እንኳ አልፈታችም። ጠባቂው አንዴ አየን፣ ሰለቸው መሰለኝ፣ ውሃ ሊጠጣ ወደ ደረጃው ሄደ። ምንም አልተነጋገርንም። በየትኛው ቋንቋ? እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ትንሿ ጣቷ አግዳሚው ላይ ወርዳ የእኔን የቀረችውን ጣት ነካች። እስክንጠራ ድረስ እንደዚያ ነበርን።

እጇን መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ጭና ማለች። ለሕዝባችን መሐላ ምን እንደሆነ የማያውቅ ይህን ታሪክ አይረዳውም። ላም የሸጠ ሰው እንኳ አይምልም፤ ከማለማ አለቀ፣ እግዚአብሔር መዝገቡን ከፈተ ማለት ነው።

ግጥሙን ስንኝ በስንኝ አስደገሙኝ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ሙሽራው ልኮኝ። በሬው ታርዷል። ሲጽፍ የነበረው ሰው «በሬው ማነው?» አለ። «በሬ ነው፤» አለች፤ ከኋላ አንድ ሰው ሊስቅ ብሎ ተወው። ያንን ሳቅ በጉጉት ጠበቅኩት። አንድ ሰው ቢስቅ ሁላችንም ወደ ቤታችን እንሄድ ነበር።

ቢላችሁን ስላችሁ፣ ሹካችሁን ይዛችሁ፣ ኑ ሁላችሁ ተሰብስባችሁ አልኩ።

ሬንስኬ አየችኝ። ያ እይታ ከዐይን ጥቅሻ አይበልጥም ነበር። ከዚያ ወደ ጉባኤው ዞራ፣ «ሹካችሁን ይዛችሁ ሁላችሁም ኑ ነው የሚለው» አለች።

መድኃኒት ሻጩ ፕሩዊት እጁን አነሳ። ኮሌጅ ሳለ ትንሽ ጀርመንኛ ተምሮ ነበር፤ ያንን ትምህርቱን የሚያሳይበት ቀን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው።

«ሜሰር የሚል ቃል አለበት። ሜሰር ቢላ ነው። ልጅቷ ቢላውን ዘለለችው።»

ብትለው ኖሮ ምን ይሉ ነበር? ሁልጊዜ እጠይቃለሁ። የሰርግ ቢላ ነው ብላ ብታስረዳ ምናልባት ያምኗት ነበር። ልታድነኝ ብላ ዘለለችው፤ ያንን ቢላ የሳለው መዝለሏ ነው።

ክራንዳል ከመቀመጫው ተነሳ። «እኔ ቤት እየበላሽ፣ ልጆቼን እያስተኛሽ። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ምለሽ። ለምን ዘለልሽው?»

ፊቷ እንደ አንሶላዎቹ ነጣ። ከታች ሰው «ሁለቱንም አምጧቸው» ማለት ጀምሯል። አንዱ ገመድ የሚል ቃል አነሳ። እነዚያ ሰዎች ሴት አይነኩም ብዬ ራሴን ላታልል አልቻልኩም፤ የጎረቤት ከተማ ሰዎች ባለፈው ወር ነክተው ነበር።

«እኔ ነኝ፤» አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«ውጭ አግዳሚው ላይ ሳለን፣ ጠባቂው ውሃ ሊጠጣ ሲሄድ፣ ቢላውን ከተናገርሽ አባትሽን ከነቤቱ አቃጥለዋለሁ አልኳት። እሷ ምንም አታውቅም። ፈርታ ነው።»

ጠባቂው አንገቱን ደፋ። ውሃ ሊጠጣ መሄዱን ሊክድ አልቻለም።

ክራንዳል ወደ ሬንስኬ ጎንበስ አለ። ድምፁ የአባት ድምፅ ሆነ፤ ልጄ ሊላት ምንም አልቀረው። «እውነት ነው? በመሐላሽ ነው ያለሽው።»

አየችኝ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ የቀረን መሰለኝ። በዐይኔ በይው፣ በይው፣ ለእግዚአብሔር ብለሽ በይው አልኳት። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ። እንግዲህ ይህ ዝምታ ነው እስከ ዛሬ ከኔ ጋር የሚኖረው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ትርፍ ነው።

«እውነት ነው፤» አለች።

እዚያ ላይ ብታበቃ በቂ ነበር። አላበቃችም። ቀስ ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ የጠቆረውን ክንዷን ለጉባኤው ዘረጋች።

«እዚህ ጋ ጨብጦኝ ነው ያለኝ።»

ለማዳን የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ እንድትል በዐይኔ የለመንኳት እኔ ነኝ። ያንን ክንድ ግን እኔ አልለመንኳትም። ሳትንተባተብ፣ ሳታለቅስ፣ እንደዚያ አሳምራ እንድትለው አልለመንኳትም። የዳነችው በዚያ ክንድ መሆኑን አውቃለሁ። ከፍራቻዋ ነው እላለሁ፤ ከፍቅሯ ነው እላለሁ፤ በክፉ ቀን ደግሞ ሌላ ነገር እላለሁ።

የተቀባሁት ቀለም ከክራንዳል መደብር ነው የመጣው። ልብሴን አውልቀው በጥርጊያ ብሩሽ ከፀጉሬ እስከ ጫማዬ ቢጫ ቀቡኝ፣ ተንበርክኬ ባንዲራ አሳሙኝ። የተሰበሰበው ሰው ውስጥ ከኛ ሰዎችም ነበሩበት። አጨበጨቡ። ላለመቀባት ማጨብጨብ ነበረባቸው፤ እኔ ግን ማን ጠንክሮ እንዳጨበጨበ አይቻለሁ።

ከዚያ ምስክር በማስፈራራት ተብዬ በወረዳው እስር ቤት በጋውን አሳለፍኩ። ቢጫው ከጥፍሬ ሥር አልለቅ አለኝ። ከሬንስኬ አንድም ቃል አልደረሰኝም። ልትጠይቀኝ ብትመጣ የማለችው ሁሉ ይፈርስ ነበር። ይህን አውቃለሁ። ማወቅ ግን ከመከፋት አያድንም። ማታ ማታ ግድግዳውን ተደግፌ፣ በመከር እንገባበታለን ያልኳትን ቤት ክፍሎች አስባለሁ፤ ምድጃው የት እንደሚሆን፣ ልብስ የምታሰጣበት ገመድ ከየት እስከ የት እንደሚወጠር።

ጥቅምት ላይ ተፈታሁ። ጦርነቱ አላበቃም፣ ጉባኤውም አልተበተነም። ዊያርድ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ቤቱን ለሌላ ሰው ሰጥቼዋለሁ፤ ሰርጉም እንደምታውቀው አልሆነም» አለኝ። አልተከራከርኩም። ሬንስኬ ከተማውን ትታ አባቷ ቤት መመለሷን ከእሱ ሰማሁ። በእሑድ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ከተመለሰ በኋላ ሄድኩ።

ኦኮ ራሱ ከፈተልኝ። አንገቱ ከኮሌታው ውስጥ ቀጥኗል። ዛሬ ወንበር ሰጠኝ። ማእድ ቤት ውስጥ ቄስ ሬመርስ ተቀምጠዋል፤ ጋብቻ በቤተ ክርስቲያን ለማስነገር ያለ እሳቸው አይሆንም፣ ለዚያ እንደተጠሩ ገባኝ። ልቤ ተነሳ። ሬንስኬ ጀርባዋን ሰጥታ ምድጃው ጋ ቆማለች። ስገባ አልዞረችም። የምድጃውን ብረት በሁለት እጇ ይዛለች።

«ደህና ነህ?» አለ ኦኮ።

«ደህና ነኝ አቶ ያንሰን።»

«ከስተሃል።»

«እርስዎም ከስተዋል።»

«ቤቱን ዊያርድ እንደከለከለህ ሰምቻለሁ። እሱን ተወው። የላይኛው ክፍል ባዶ ነው፣ ሁለት ሰው ይበቃዋል።» ይህን ሲል ጠረጴዛውን እንጂ እኔን አላየም። እንዲህ ያለ ነገር መናገር ለእሱ ጥርስ ከመንቀል አይሻልም። «እኔ ለቤት አይደለም ያስቀመጥኩህ። አንድ ነገር ልትነግረኝ ነው፣ ቄሱ ባሉበት።»

«ምን?»

«ልጄ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ምላለች። ክንዷን ጨብጦ አስፈራራኝ ብላለች። እኔ ቤት ገብታ ስጠይቃት፣ የማልኩትን ምያለሁ ብላ ሌላ ቃል አልወጣትም። አድርገኸው ከሆነ፣ ክንዷን እንደዚያ ካጠቆርክ፣ በዚህ በር ዳግመኛ አትገባም። ካላደረግኸው ልጄ በእግዚአብሔር ስም በሐሰት ምላለች፤ ቄሱ ከቁርባን ይከለክሏታል፣ ክራንዳልም ከሰማ አንተ ከወጣህበት ይከታታል። እኔ ግን በማላውቀው ነገር ላይ ሰርግ አልደግስም። የትኛው ነው?»

ቄሱ፣ «ቀስ ብለህ አስብበት ልጄ» አሉ። እሳቸውም ማወቅ እንደማይፈልጉ ከድምፃቸው ያስታውቃል፤ አንዴ ከሰሙ ግን ዝም ማለት እንደማይችሉም ያስታውቃል።

አሰብኩ። አድርጌዋለሁ ብል እሷን ዛሬ አጣታለሁ፣ በራሴ አፍም ክንዷን የጨበጥኩ አውሬ እሆናለሁ። አላደረግኩም ብል አገኛታለሁ፤ የማገኛት ግን በሐሰት የማለች ተብላ፣ ከጌታ ማእድ ተባርራ፣ ለክራንዳል ተሰጥታ ነው። ያን ሁሉ ስድብ ተሸክሜ የመጣሁት ለዚህ ወንበር ነበር። ኦኮ ያንሰን ላይኛውን ክፍል ሰጥቶኛል። አንድ ቃል ነው የቀረው።

ሬንስኬ ዞረች። ከአዳራሹ ወዲህ ፊቷን ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው። ከዐይኗ ሥር ጠቁሯል። ክንዷ ድኗል።

«አባዬ፣» አለች።

«አንቺን አይደለም የጠየቅኩት።»

«አባዬ፣ እኔ…»

ምን ልትል እንደሆነ አየሁት። አፏ ላይ ነበር። በዚያ አዳራሽ ውስጥ የጎደለው ሁሉ፣ በጋውን ሙሉ የጠበቅኩት ሁሉ፣ አሁን ቄሱ ባሉበት ሊወጣ ነው። እንድትለው ፈለግሁ። ከነፍሴ ፈለግሁት፤ እሷ ብትጠፋም እንኳ፣ ለአንዲት ደቂቃ ፈለግሁት።

ተነሳሁ። ወንበሩ ወለሉ ላይ ጮኸና ቃሏን አቋረጠው። ካፖርቴን ከጀርባው ላይ አነሳሁ።

«ሃርም፣» አለ ኦኮ፣ «ጠይቄሃለሁ እኮ።»

«ልጄ፣ መልስ ስጣቸው እንጂ፤» አሉ ቄሱ።

በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ግቢውን አቋርጬ መንገዱ ላይ ደረስኩ፤ በሁለቱም በኩል በቆሎው ታጭዶ አልቋል፣ ሰው ሲሄድ ከሩቅ ይታያል። ከኋላዬ በሩ ዳግመኛ ተከፈተ፣ በጠጠሩ ላይ የእግር ድምፅ ሰማሁ። የማን እግር እንደሆነ ለማየት አልዞርኩም። ብዞር ኖሮ ጥያቄውን እመልስ ነበር።